የተጠቃሚ አካውንትን በራስ ሰር መክፈትና መዝጋት፦ ከሠራተኛ መዝገብ እስከ መተግበሪያው

አዲስ ሠራተኛ ኢሜይል እስኪከፈትለት ቀናት የሚጠብቅበት መሥሪያ ቤት፣ የለቀቀ ሠራተኛም ከወራት በኋላ የድርጅቱን ፋይሎች ከቤቱ ሆኖ መክፈት የሚችልበት መሥሪያ ቤት ነው። ሁለቱም ችግሮች ምንጫቸው አንድ ነው፤ አካውንት የሚከፈተውም የሚዘጋውም አንድ ሰው አስታውሶ ጥያቄ ሲልክ፣ ሌላውም ጥያቄውን አይቶ ሲፈጽመው ብቻ ነው። የሚለያዩት በአንድ ነገር ነው፦ የመጀመሪያው ባለጉዳዩ ራሱ ስለሚጮህበት ቶሎ መፍትሔ ያገኛል፣ ለሁለተኛው ግን የሚጮህ የለም። ይህ መመሪያ የተጻፈው ሁለቱንም ሥራ ከሠራተኛ መዝገብ ጋር አገናኝቶ በራስ ሰር ለማስኬድ ላሰበ የሲስተም አስተዳዳሪ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተለመደው ይለያል፤ ከመሣሪያው በፊት መዝገቡን፣ አካውንት ከመክፈትም በፊት መዝጋትን ያስቀድማል።

የሚታመነው የትኛው መዝገብ ነው?

የራስ ሰር ፕሮቪዥኒንግ (አካውንትን የመክፈት፣ የማስተካከልና የመዝጋት) አሠራር በመሠረቱ ቀላል ነው። የማንነት አስተዳደር ሲስተሙ ስለ ሰዎች ያለውን መረጃ ከታመነ ምንጭ ያነባል፣ ያነበበውን በየመተግበሪያው ካሉት አካውንቶች ጋር ያነጻጽራል፣ ልዩነት ሲያገኝም አካውንት ይከፍታል፣ ያስተካክላል ወይም ይዘጋል። ማይክሮሶፍት ኢንትራ አይዲ፣ ኦክታ፣ ሴይልፖይንት፣ እንዲሁም ክፍት ምንጭ የሆኑት ሚድፖይንትና አፓቺ ሲንኮፕ ይህንን በየራሳቸው መንገድ ይሠራሉ። በዋጋም በአቅምም ቢለያዩ፣ መዝገቡ ከተሳሳተ ስህተቱን በየመተግበሪያው ፈጥነው በማዳረስ ግን ሁሉም አንድ ናቸው። ሥራው በእጅ ሲሠራ «ይህ ሰው እኮ ባለፈው ሳምንት ለቋል» ብሎ የሚያቆም ሰው ነበረ፤ ማሽን እንዲህ አይልም።

በአብዛኛው ድርጅት የታመነው ምንጭ የሰው ሀብት ክፍል የሚይዘው የሠራተኛ መዝገብ ነው። ይሁንና ይህ መዝገብ በዋናነት ለደመወዝና ለዕረፍት ፈቃድ የተሠራ በመሆኑ፣ ለአካውንት ሥራ ሲውል ያልታሰቡ ክፍተቶች ይታዩበታል። ለምሳሌ የመልቀቂያ ቀን ብዙ ጊዜ የሚሞላው ሠራተኛው በወጣበት ዕለት ሳይሆን የመጨረሻው ክፍያ ሲሰላ ነው። ለደመወዝ የሁለት ሳምንት መዘግየት ምንም አያመጣም፤ ለአካውንት ግን ለሁለት ሳምንት ክፍት የተተወ በር ነው። ስለዚህ ማንኛውንም ሶፍትዌር ከመጫንዎ በፊት ከሰው ሀብት ክፍል ጋር ተቀምጠው የመግቢያ ቀን ሠራተኛው ከመምጣቱ በፊት፣ የመልቀቂያ ቀንም ቢዘገይ ሠራተኛው ከመውጣቱ አንድ ቀን በፊት መዝገብ ላይ እንዲገባ በጽሑፍ ይስማሙ። ይህ ስምምነት ከቴክኒክ ሥራው ሁሉ ይከብዳል፤ ያለ እርሱ የሚሠራ ፕሮቪዥኒንግ ግን የቀድሞውን መዘግየት በአዲስ መሣሪያ ከመድገም አያልፍም።

በሰው ሀብት መዝገብ የማይገኙ ሰዎችም አሉ፦ አማካሪዎች፣ በኮንትራት የሚሠሩ ባለሙያዎች፣ ተለማማጆች፣ የአቅራቢ ድርጅት ሠራተኞች። እነዚህን ለብቻ በተዘጋጀ መዝገብ ያስይዟቸው፤ እያንዳንዱም ኃላፊነቱን የሚወስድለት ቋሚ ሠራተኛና የማብቂያ ቀን ይኑረው። የማብቂያ ቀን ባዶ መሆን አይፈቀድ። ቀኑ ሲደርስ ኃላፊው ካላራዘመው አካውንቱ በራሱ ይታገድ።

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ የመረጃ መስክ አንድ ባለቤት እንዲኖረው ያድርጉ። የሥራ መደብና የሥራ ክፍል ከሰው ሀብት፣ የኢሜይል አድራሻ ከማንነት ሲስተሙ፣ የሞባይል ቁጥር ምናልባት ከሠራተኛው ከራሱ ይመጣል። ሁለት ባለቤት ያለው መስክ ዕረፍት የለውም፤ አንደኛው ሲስተም የጻፈውን ሁለተኛው በሚቀጥለው የማመሳሰያ ዙር ይቀይረዋል፣ የመጀመሪያው መልሶ ይጽፈዋል። በሎጉ (ሲስተሙ የሠራውን በሚመዘግብበት ዝርዝር) ላይ አንድ ሰው በየሰዓቱ ስልክ ቁጥሩን የሚቀይር መስሎ ካዩ ምክንያቱ ይህ ነው።

ማዛመጃው ቁልፍ

ከሁሉም ውሳኔዎች በኋላ ለመለወጥ እጅግ የሚከብደው፣ በመዝገቡ ላይ ያለው ሰውና በመተግበሪያው ላይ ያለው አካውንት አንድ መሆናቸው የሚታወቅበት ቁልፍ ነው። ብዙዎች ኢሜይልን ይመርጣሉ፤ በሁሉም ቦታ ስለሚገኝ ምርጫው ትክክል ይመስላል። እኔም በአንድ ወቅት እንዲሁ መስሎኝ ነበር።

በዚያን ጊዜ በምሠራበት ድርጅት አንዲት ባልደረባችን ስሟን በሕጋዊ መንገድ ቀየረች፣ ኢሜይሏም አብሮ ተቀየረ። ሲስተሙ በሚቀጥለው ዙር አዲሱን ኢሜይል በፕሮጀክት መከታተያው መተግበሪያ ውስጥ ፈልጎ አጣው፤ ስለዚህ አዲስ ሰው መጣ ብሎ አዲስ አካውንት ከፈተ። የድሮው ኢሜይል ደግሞ ከመዝገቡ ስለጠፋ ባለቤቱ ለቋል ብሎ የድሮውን አካውንት አገደው። ከምሳ በኋላ ስትገባ ባዶ ገጽ ጠበቃት፤ የሦስት ዓመት ሥራዋ «በለቀቀች» ሴት ስም ተቀምጧል። ማስተካከሉም እንደታሰበው ቀላል አልነበረም። የድሮውን አካውንት በአዲሱ ኢሜይል ልሰይመው ስል አዲሱ አካውንት ኢሜይሉን ቀድሞ ስለያዘው መተግበሪያው እምቢ አለ። አዲሱን ስሰርዘው በቀጣዩ ዙር ሲስተሙ መልሶ ከፈተው። መጨረሻ ላይ ፕሮቪዥኒንጉን አቁሜ፣ አዲሱን አካውንት ሰርዤ፣ የድሮውን ሰይሜና እገዳውን አንስቼ፣ በማንነት ሲስተሙ ውስጥ ያለውን ግንኙነት በእጅ አስተካክዬ እንደገና ማስነሳት ነበረብኝ።

የዚህ ተቃራኒ የባሰ ነው። የለቀቀ ሰው የነበረው ኢሜይል ተመሳሳይ ስም ላለው አዲስ ሠራተኛ ሲሰጥ፣ አዲሱ ሰው የሌላውን አካውንት ከነፋይሉና ከነፈቃዱ ይወርሳል፤ ስህተት መሆኑን የሚያሳይ መልእክትም በሎጉ ላይ አይገኝም፣ ማዛመዱ በደንቡ መሠረት ተሳክቷልና።

ስለዚህ ቁልፉ አንዴ የሚሰጥ፣ የማይቀየርና ለሌላ ሰው የማይተላለፍ ቁጥር ይሁን። የሠራተኛ ቁጥር ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ነገር ግን ለቆ የተመለሰ ሰው አዲስ ቁጥር ይሰጠው እንደሆነ፣ ከኮንትራት ወደ ቋሚነት የተዛወረም ቁጥሩ ይቀየር እንደሆነ አስቀድመው ያረጋግጡ። የሚቀየር ከሆነ የማንነት ሲስተሙ የራሱን ቋሚ መለያ ያመንጭ፣ የሠራተኛ ቁጥሩም እንደ አንድ ተራ መስክ ይያዝ። የብሔራዊ መታወቂያ ቁጥርን ግን ለዚህ ሥራ አይጠቀሙበት፤ በየመተግበሪያው ተበትኖ የሚቀር የግል መረጃ ይሆናል።

አስቀድሞ የተከፈቱ አካውንቶች ካሉ (ሁልጊዜም አሉ) በኢሜይል ማዛመድ ለአንድ ጊዜ ብቻ ይፈቀዳል። ዝርዝሩን አውጥተው በሦስት ይክፈሉት፦ በእርግጠኝነት የተዛመዱ፣ አጠራጣሪዎችና ባለቤት አልባ። አጠራጣሪዎቹን ሰው እየተመለከተ ይወስን፤ ውሳኔው ሲያልቅ ቋሚው ቁጥር በእያንዳንዱ አካውንት ላይ ይጻፍ፣ ከዚያ በኋላ ማዛመዱ በቁጥሩ ብቻ ይሁን።

አካውንት መዝጋት

አካውንት ሲከፈት የሚፈጠር ስህተት በሰዓታት ውስጥ ይታወቃል፤ ሲዘጋ የሚፈጠረው ግን ጉዳት ካላስከተለ በቀር ላይታወቅ ይችላል። ለዚህ ነው አዘጋጉን አስቀድመው እንዲነድፉ የምመክረው።

መዝጋት አንድ ድርጊት ሳይሆን ደረጃ ያለው ሂደት ነው። መጀመሪያ አካውንቱ ይታገዳል፤ መግባት ይከለከላል፣ ይዘቱ ግን እንዳለ ይቆያል። ቀጥሎ ፋይሎቹ፣ የሚመራቸው ቡድኖችና በስሙ የሚሄዱ ሥራዎች ለተተኪ ወይም ለቅርብ ኃላፊ ይዛወራሉ። መሰረዝ የሚመጣው ከዚያ በኋላ፣ ድርጅቱ በወሰነው የማቆያ ጊዜ ነው። በኢንትራ አይዲ የተሰረዘ ተጠቃሚ ለ30 ቀናት ሊመለስ ይችላል፤ በሌሎች መተግበሪያዎች ግን መሰረዝ የመጨረሻ ሊሆን ስለሚችል የእያንዳንዱን ባሕርይ በሙከራ አካውንት ይፈትኑ። በረጅም ፈቃድ ላይ ያለ ሰው ከለቀቀ ሰው ጋር እንዳይደባለቅም ደንቡ «በሥራ ላይ አይደለም» የሚለውንና «ለቋል» የሚለውን ሁኔታ ለይቶ ይያዝ።

አካውንት ታገደ ማለት ሰውየው ወጣ ማለት አይደለም። በማንነት ሲስተሙ ላይ የሚደረግ እገዳ የሚከለክለው አዲስ መግባትን ነው፤ ቀደም ሲል የገባበት መተግበሪያ የራሱን ሴሽን (አንዴ ከተገባ በኋላ ክፍት የሚቆየውን ግንኙነት) ይዞ ሊቀጥል ይችላል። ኢንትራ አይዲ የሚሰጠው የመዳረሻ ቶክን (ጊዜያዊ ዲጂታል ማለፊያ) በነባሪ ሁኔታ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ የሚቆይ ሲሆን፣ በሳምል (የማንነት ሲስተሙ ማረጋገጫ ለመተግበሪያው በሚተላለፍበት ደረጃ) የሚገባ መተግበሪያ ደግሞ ሴሽኑ እስከ መቼ እንደሚቆይ በራሱ ይወስናል። ሠራተኛው በስሙ ያወጣው የኤፒአይ ቁልፍ (ፕሮግራም ወደ መተግበሪያው የሚገባበት ሚስጥራዊ ኮድ)፣ ኢሜይሉን ወደ ውጭ አድራሻ የሚያስተላልፍ ደንብ፣ በቡድን የሚጋራ የይለፍ ቃል፣ በስልኩ ላይ የተጫነ መተግበሪያ፣ ሁሉም ለየብቻ መታየት አለባቸው። በማገጃው ሂደት ውስጥ ሴሽንን የመሻርና ቁልፎችን የመሰረዝ እርምጃ ያካትቱ፤ መተግበሪያው ይህንን በራስ ሰር የማይፈቅድ ከሆነ ለአስተዳዳሪው ቲኬት (የሥራ ጥያቄ) ይከፈት።

ሌላው ወጥመድ በአንድ መግቢያ (በማንነት ሲስተሙ በኩል ወደ ሁሉም መተግበሪያ በመግባት) ብቻ መተማመን ነው። «መተግበሪያው ከማንነት ሲስተሙ ጋር ተገናኝቷል» ሲባል ብዙ ጊዜ የተገናኘው መግቢያው ብቻ ነው። ተጠቃሚው መጀመሪያ ሲገባ አካውንቱ በዚያው ቅጽበት እንዲከፈት የሚያደርገው አሠራር ለማዘጋጀት ቀላል ነው፤ ግን ከፋች እንጂ ዘጊ አይደለም። የለቀቀ ሰው ተመልሶ ስለማይገባ መተግበሪያው መልቀቁን የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ አካውንቱ ላይሰንስ ይዞ ይቀመጣል፣ መተግበሪያው የራሱን የይለፍ ቃልም የሚቀበል ከሆነ በጓሮ በር መግባት ይቻላል።

በድንገት ለሚሰናበት ሰው ደግሞ የማመሳሰያውን ዙር መጠበቅ አይገባም። የኢንትራ አይዲ የፕሮቪዥኒንግ ዙር በግምት በየ40 ደቂቃው ይመጣል፤ ለመደበኛ ስንብት በቂ ነው፣ ለአስቸኳይ ግን አይደለም። ስለዚህ ከዙሩ ውጭ ወዲያውኑ የሚሠራ የእገዳ ትእዛዝ ያዘጋጁ፣ ማን ሊሰጠው እንደሚችልም ይወስኑ።

መስኮችን ማዛመድ

በዚህ ክፍል አብዛኛው ሥራ አሰልቺ እንጂ ከባድ አይደለም። የምንጩን መስኮች በአንድ ዓምድ፣ የመተግበሪያውን በሌላው ደርድረው ምን ከምን እንደሚሄድ ይጻፉ። መተግበሪያው ለሥራው የማይፈልገውን አይላኩለት፤ የስብሰባ መያዣ ሶፍትዌር የልደት ቀን ምን ያደርግለታል? ባዶ መስክ ምን ማለት እንደሆነም ይወስኑ፦ «አትንካ» ወይስ «አጥፋ»? ይህ ካልተወሰነ፣ በምንጩ ላይ አንድ ዓምድ በስህተት ባዶ የሆነ ቀን የሁሉም ሠራተኛ የቅርብ ኃላፊ ስም ሊጠፋ ይችላል።

ስም ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ብዙ መተግበሪያ የራስ ስምና የቤተሰብ ስም የሚባሉ ሁለት አስገዳጅ መስኮች አሉት፤ የቤተሰብ ስም በሌለበት የስም አወጣጥ የሚጠራ ሰው በሁለተኛው ላይ ምን ይጻፍለት እንደሆነ በአንድ ደንብ መወሰን አለበት፣ አለዚያ እያንዳንዱ መዝጋቢ የመሰለውን ይጽፋል። ስሙ በላቲን ፊደል የማይጻፍ ከሆነ ደግሞ ችግሩ ይደራረባል። ጠብቆና ላልቶ የሚነበብን ፊደል፣ ፈንጂ ድምፅን (እንደ ጠ እና ጨ ያለውን)፣ በላቲን አቻ የሌለውን አናባቢ እያንዳንዱ ሰው በየራሱ መንገድ ይጽፈዋል፤ አንዱ በአንድ ፊደል፣ ሌላው በሁለት። ቀያሪ ፕሮግራም ያወጣው አጻጻፍ ከፓስፖርቱ ጋር ስላልገጠመ ኢሜይሉ እንዲቀየርለት የሚጠይቅ ሰው ሁልጊዜ ይመጣል። የተሻለው መንገድ ሠራተኛው ሲቀጠር የላቲን አጻጻፉን ራሱ እንዲመርጥ አድርጎ በመዝገቡ ላይ ማስቀመጥ ነው፤ ሲስተሙ ከዚያ ያንብብ እንጂ በራሱ አይተርጉም።

የተጠቃሚ ስም አንዴ ከወጣ በኋላ በየዙሩ እንደገና አይመንጭ። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ስም ሲኖራቸው ምን እንደሚጨመር (ቁጥር፣ የአያት ስም የመጀመሪያ ፊደል) ደንብ ያውጡ፤ የለቀቀ ሰው ስም መልሶ እንዳይሰጥም ያገለገሉ ስሞችን ዝርዝር ይያዙ። አክቲቭ ዳይሬክተሪ (የማይክሮሶፍት የተጠቃሚዎች ማውጫ) ካለዎት የድሮው ዓይነት የመግቢያ ስም ከ20 ፊደል እንደማይበልጥ ያስታውሱ፤ ረጅም ስም በዚያ ላይ ሲቆረጥ ሁለት የተለያዩ ስሞች አንድ ሊሆኑ ይችላሉ።

ከመተግበሪያው ጋር መነጋገር፦ ስኪም

በቀድሞው ጊዜ እያንዳንዱ መተግበሪያ የራሱ ማገናኛ ያስፈልገው ነበር። ደረጃ አውጪው ድርጅት ኦአሲስ በ2003 ያጸደቀው ኤስፒኤምኤል የተባለ ደረጃ ይህንን አንድ ለማድረግ ሞክሮ ነበር፤ ከባድ በመሆኑ በሰፊው አልተለመደም። ለዚሁ ዓላማ የተሠራው ስኪም የተባለ ደረጃ በ2011 በመጀመሪያው ስሪቱ ወጣ፤ ዛሬ የምንጠቀምበት 2.0 ደግሞ በሴፕቴምበር 2015 አርኤፍሲ (የኢንተርኔት ደረጃ ሰነድ) 7643 እና 7644 ተብሎ ታተመ። የመጀመሪያው ሰነድ ተጠቃሚና ቡድን በምን መስኮች እንደሚገለጹ፣ ሁለተኛው ደግሞ እንዴት እንደሚጠየቁ፣ እንደሚፈጠሩና እንደሚቀየሩ ይናገራል። መልእክቱ ጄሰን በተባለ የጽሑፍ ቅርጽ ነው፣ መጓጓዣውም ድረ ገጽ የሚሄድበት ኤችቲቲፒ፤ ስለዚህ ችግር ሲመጣ የሄደውንና የመጣውን በዓይን ማንበብ ይቻላል።

አንዲት ሠራተኛ ስትቀጠር ምን እንደሚሆን በቅርብ እንመልከት። የሠራተኛ ቁጥሯ 4071 ነው እንበል። የማንነት ሲስተሙ መጀመሪያ መተግበሪያውን በማጣሪያ ይጠይቀዋል፦ ኤክስተርናል አይዲው 4071 የሆነ ተጠቃሚ አለህ? መተግበሪያው ከሌለው 200 (ጥያቄው ተስተናግዷል) የሚል መልስና ጠቅላላ ውጤት 0 የሚል ዝርዝር ይመልሳል። ያኔ ሲስተሙ በፖስት (የመፍጠሪያ) ትእዛዝ የተጠቃሚ ስሟን፣ ሙሉ ስሟን፣ ኢሜይሏንና አካውንቱ ክፍት መሆኑን የሚናገረውን አክቲቭ የሚለውን መስክ «እውነት» አድርጎ ይልካል። መተግበሪያው አካውንቱን ከፍቶ 201 ይመልሳል፤ ከመልሱ ጋርም እርሱ ራሱ ያወጣውን መለያ ይሰጣል። ሁለቱን መለያዎች አለማምታታት ያስፈልጋል፦ ኤክስተርናል አይዲ የእኛ ቁልፍ ነው፣ አይዲ ደግሞ የመተግበሪያው፤ በሰነዱ መሠረት የኋለኛው አይቀየርም፣ ለሌላም አይሰጥም። ሲስተሙ ይህንን አይዲ መዝግቦ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ለውጥ ሁሉ በእርሱ ይልካል፤ ሠራተኛዋ የሥራ ክፍል ስትቀይር የተቀየረውን መስክ ብቻ የያዘ የፓች (የማስተካከያ) ትእዛዝ ይሄዳል፣ ስትለቅም አክቲቭ «ሐሰት» ይሆናል። የተጠቃሚ ስሟን ሌላ አካውንት ቀድሞ ይዞት ከነበረ መልሱ 201 ሳይሆን 409 ነው፤ ይህ ሲመጣ ሌላ ስም አመንጭቶ መቀጠል ሳይሆን የያዘው ማን እንደሆነ ማየት ይገባል፣ ብዙ ጊዜ የራሷ አሮጌ አካውንት ነውና።

መተግበሪያውን የሚሠሩት እርስዎ ከሆኑ ጥቂት የሚደጋገሙ ስህተቶችን ልጠቁም። ማጣሪያ ምንም ሳያገኝ ሲቀር 404 (አልተገኘም) የሚመልስ መተግበሪያ አለ፤ ይህ ስህተት ነው፣ ባዶ ዝርዝር መመለስ አለበት። ዝርዝሩ በገጽ ሲከፈል የውጤቶች ቆጠራ የሚጀምረው ከ1 ነው እንጂ ከ0 አይደለም። የተጠቃሚ ስም ሲነጻጸር የትልቅና የትንሽ ፊደል ልዩነት አይቆጠርም። አንዳንድ ላኪ አክቲቭን እንደ እውነት-ሐሰት ዋጋ ሳይሆን እንደ ጽሑፍ ይልካል፤ በአንዳንድ የፕሮግራም ቋንቋ ባዶ ያልሆነ ጽሑፍ ሁሉ «እውነት» ስለሚባል፣ ለማገድ የተላከው ትእዛዝ አካውንቱን ክፍት ይተወዋል። የተሰረዘ ተጠቃሚ በዳታቤዙ ውስጥ ቢቆይም እንኳ ከዚያ በኋላ ለሚመጣ ጥያቄ ሁሉ 404 መመለስ ግዴታ ነው። በተጨማሪም ኦክታ ለተጠቃሚ የመሰረዝ ትእዛዝ አይልክም፤ አክቲቭን «ሐሰት» ብቻ ያደርጋል። መሰረዝን ብቻ የሚያውቅ መተግበሪያ በዚህ በኩል ማንንም አይዘጋም።

ግንኙነቱ የሚጠበቀው አብዛኛውን ጊዜ በቶክን ነው። ለእያንዳንዱ መተግበሪያ የተለየ ቶክን ያውጡ፣ በሚስጥር ማከማቻ ያስቀምጡት፣ የሚያበቃበትን ቀን ከሁለት ሰው ባላነሰ የቀን መቁጠሪያ ላይ ያስገቡ። ቶክኑን በአስተዳዳሪው የግል አካውንት አያውጡት። ይህ ማሳሰቢያ የተጋነነ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን አስተዳዳሪው ራሱ ሲለቅ ሲስተሙ አካውንቱን በታዛዥነት ያግደዋል፣ በዚያው ቅጽበትም ቶክኑ ይሞትና ፕሮቪዥኒንጉ በሙሉ ይቆማል።

ፈቃድና ቡድን

አካውንት ያለ ፈቃድ ባዶ ቤት ነው። ለሁሉም ሠራተኛ የሚገባውን (ኢሜይል፣ የውስጥ ገጽ፣ የዕረፍት ፈቃድ መጠየቂያ) በራስ ሰር ይስጡ፤ በሥራ ክፍልና በመደብ የሚወሰነውን አባላቱ በደንቡ መሠረት በራስ ሰር በሚሞሉበት ቡድን በኩል ይስጡ፤ የአስተዳዳሪነት ሥልጣንንና ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ ፈቃድን ግን በጥያቄና በማጽደቅ ብቻ። አንድ መዝጋቢ በመዝገቡ ላይ የተሳሳተ የሥራ መደብ ስለመረጠ ሰው የክፍያ ሲስተም አስተዳዳሪ መሆን የለበትም።

ብዙ ቦታ የሚዘነጋው የተዛወረ ሠራተኛ ነው። አዲሱ ክፍል የሚያስፈልገውን ፈቃድ ይጠይቅለታል፤ የድሮውን እንዲወሰድበት የሚጠይቅ ግን የለም። በድርጅቱ አሥር ዓመት የቆየና አራት ክፍል የዞረ ሰው ከዋና ሥራ አስኪያጁ የበለጠ በር ሊከፍት ይችላል። ፈቃዱ እንዲህ በራስ ሰር ከሚሞላ ቡድን የመጣ ከሆነ የሥራ ክፍሉ ሲቀየር በራሱ ይወድቃል፤ ለርክክብ ጥቂት ቀን የሚያስፈልግ ከሆነም ማብቂያ ቀን ያለው ማራዘሚያ ይስጡ። ቡድን በቡድን ውስጥ ሲኖር ደግሞ ይጠንቀቁ፦ የኢንትራ አይዲ ፕሮቪዥኒንግ ለመተግበሪያ በተመደበ ቡድን ውስጥ በቀጥታ ያሉትን አባላት ብቻ ያያል፣ በውስጡ ባለው ሌላ ቡድን ያሉትን አያይም።

ልጓምና የመጀመሪያው ዙር

ከሰው ሀብት ሲስተም የሚመጣው ፋይል አንድ ሌሊት በግማሽ ተቆርጦ ቢደርስ ሲስተሙ ግማሹ ሠራተኛ ለቋል ብሎ ያምናል። ይህንን የሚከለክል ልጓም ሳይኖር ፕሮቪዥኒንግ አይጀመርም፦ በአንድ ዙር ከተወሰነ ቁጥር በላይ እገዳ ወይም ስረዛ ሲመጣ ሲስተሙ ቆሞ ሰው ይጠይቅ። በማይክሮሶፍት ኢንትራ ኮኔክት ማመሳሰያ ይህ ገደብ በነባሪ 500 ነው፤ 300 ሠራተኛ ላለው ድርጅት ይህ ገደብ እንደሌለ ይቆጠራል። የእርስዎን ከተለመደው ወርሃዊ ስንብት ተነሥተው ያስሉት። ፋይሉ ራሱም ከመነበቡ በፊት የመስመር ቁጥሩ ከትናንቱ ጋር ይነጻጸር።

የመጀመሪያው ዙር ምንም ሳይጽፍ ምን ሊያደርግ እንደነበር ብቻ የሚያሳይ የሙከራ ዙር ይሁን። ሪፖርቱን ከላይ እስከ ታች ያንብቡ፤ በተለይ «ይከፈታል» የሚለውን ዝርዝር፣ ምክንያቱም ቀድሞ አካውንት ያለው ሰው እዚያ ከታየ ማዛመጃው አልሠራም ማለት ነው። ቀጥሎ አምስት ወይም ስድስት ሰዎችን መርጠው በእውነት ያስኪዱ። የሚመርጧቸው ቀላል ጉዳዮች አይሁኑ፦ ስሟን የቀየረች፣ ለቆ የተመለሰ፣ በሁለት መደብ የሚሠራ፣ በረጅም ፈቃድ ላይ ያለች፣ ኮንትራቱ ነገ የሚያበቃ። የሙከራ ሰዎቹን ሙሉ ዑደት ያሳልፏቸው፤ ይቀጠሩ፣ ይዛወሩ፣ ይልቀቁ፣ ይመለሱ። ለቅቀዋል በተባለበት ሰዓት በተከፈተ ሴሽን በመተግበሪያው ላይ መሥራት ይቻል እንደሆነ ተቀምጠው ይሞክሩ፣ የፈጀውንም ጊዜ ይመዝግቡ። ከዚያ በአንድ ክፍል፣ ቀጥሎም በሌላው እያሰፉ ይሂዱ።

ሥራ ከጀመረ በኋላ

በየቀኑ የሚታየው የስህተት ሎግ ነው። 429 የሚል መልስ ሲበዛ መተግበሪያው ጥያቄ በዝቶብኛል እያለ ነው፤ ፍጥነቱን ይቀንሱ። 401 (የላኪው ማንነት አልተረጋገጠም) ሲመጣ መጀመሪያ የቶክኑን ማብቂያ ይመልከቱ። ኢንትራ አይዲ ስህተት የበዛበትን ግንኙነት ወደ ኳራንቲን አስገብቶ ሙከራውን በቀን ወደ አንድ ጊዜ ዝቅ ያደርጋል፣ ከአራት ሳምንት በላይ ከቆየም ያቆመዋል፤ የማስጠንቀቂያ ኢሜይሉ ማንም በማያየው ሳጥን ውስጥ የሚገባ ከሆነ፣ ሲስተሙ ይሠራል እየተባለ ለወራት ማንም ሳይዘጋ ይቆያል።

በየወሩ ወይም በየሩብ ዓመቱ ደግሞ አቅጣጫውን ገልብጠው ይጠይቁ፦ ከመዝገቡ ወደ መተግበሪያው ሳይሆን ከመተግበሪያው ወደ መዝገቡ። በመተግበሪያው ያሉትን አካውንቶች በሙሉ አውጥተው ባለቤታቸውን በመዝገቡ ይፈልጉ። አስተዳዳሪ በእጁ የከፈተው፣ አቅራቢው ሲተክል ትቶት የሄደው፣ ለስልጠና ተከፍቶ የተረሳው አካውንት የሚገኘው በዚህ መንገድ ብቻ ነው፤ ፕሮቪዥኒንጉ እርሱ ያልከፈተውን አያውቅምና። ባለቤት ያልተገኘለትን ወዲያውኑ ከመሰረዝ ይልቅ አግደው ይጠብቁ፤ የሚፈልገው ሰው ካለ ይደውላል።

ከዚህ ሁሉ ውጭ የሚቀሩ አካውንቶችም አሉ። ፕሮግራሞች እርስ በርስ የሚነጋገሩባቸው የአገልግሎት አካውንቶች በሠራተኛ መዝገብ ስለሌሉ በስህተት «ለቋል» እንዳይባሉ ከፕሮቪዥኒንጉ ወሰን ውጭ ያድርጓቸው፣ ግን ለእያንዳንዳቸው ኃላፊ ይመድቡ። የማንነት ሲስተሙ ራሱ ሲበላሽ የሚገባባቸው ሁለት የአደጋ ጊዜ አስተዳዳሪ አካውንቶችም በማንኛውም ደንብ የማይነኩ ይሁኑ፤ የይለፍ ቃላቸው ታሽጎ ይቀመጥ፣ የፕሮቪዥኒንጉ ወሰን በተቀየረ ቁጥርም አሁንም መግባት እንደሚችሉ በእጅ ይሞከሩ።